አራት ነጥብ

ከሶፊ ቁልቁለት፣ ከሙሜ ማሳ ዳር፣
ጫትና በቆሎ ተቃቅፎ ከሚያድር፣
ደብተሬን ዘርግቼ ቆጠራ ጀመርኩኝ፣
«አምስት ቦታ ቆመን፣ ሃያ ሃያው» አልኩኝ፤

አንዱን ቅጠል ሳየው መስኮት ተከፍቷል፣
ልምላሜው ተግጦ ስስ ቆዳው ቀርቷል፣
ሁለተኛው ደግሞ ወንፊት መስሎ ቆሟል፣
ሦስተኛው ደህና ነው፤
አራተኛው ታሟል፤

እምብርቱን ፈልቅቄ ወደ ውስጥ ስመለከት
የአናጢ ደጅ መስሏል፣ ሰጋቱራ ሞልቶት፣
ከሥሩ ተኝታ፣ እርጥቡ ጓዳዋ፣
አንዲት ትል አገኘሁ፣ የከበዳት ሆዷ፤
የተዘቀዘቀ መንሽ አለ ግንባሯ ላይ፣
ጅራቷ ጫፍ ደግሞ ሌላ ምልክት ሳይ
አራት ጥቁር ነጥቦች፣ በአራት ማዕዘን፣
ፈሂማን ጠራኋት፣ «ነይ እዪ ይህችን»

ፈሂማ የሙሜ ሦስተኛ ልጁ ናት፣
ሰባተኛ ክፍል፣ መጠየቅ የማይታክታት፣
ጎንበስ ብላ አየች፣ ብዙ ጊዜ አየች፣
ከዚያ ቀና ብላ እንዲህ ጠየቀች፤
«በቁቤ ስንጽፍ አንዷ ነጥብ ትበቃለች፣
በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ግን አራት ነው አሉን፣
ሐሳብ ሲያልቅ ብቻ አስቀምጡ አሉን፣
ታዲያ ይቺ ትል
የማንን ሐሳብ ነው የምትጨርሰው?»

ሥልጠና ላይ በሰጡን ወረቀት
እንዲህ ያለ ጥያቄ አልነበረበት፣
የማውቀውን ነገርኳት፤

እናቷ የእሳት ራት፣ ግራጫ ክንፍ ያላት፣
ነፋስ ተሳፍራ ነው ማሳው የሚያገኛት፣
የጫት አይሱዙ መብራት
ዳገቱ ላይ ሲያጥበረብር፣
እሷ በቅጠል ሥር
መቶ ሁለት መቶ ዕንቁላል ስትደረድር፣
ከገዛ ገላዋ ጸጉሯን እየነጨች
እንዳይበርዳቸው ታለብሳቸዋለች፤
ክፋት እንዳይመስልሽ፣ የምታውቀው ይህን ነው፣
የልጆቿ ቁርስ ግን የእናንተ ዓመት ነው፤

ሙሜ ጥላ ሥር ሆኖ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ፣
የጫት ቀንበጥ ቀጥፎ፣ በጣቱ አገላብጦ፣
«መድኃኒቱስ?» አለኝ
አለ፣ መጋዘን ነው፣ አንድ ሊትር ደርሶሃል፣
ጭንብል ግን የለንም፣ ጓንቱ ለሳምንት ይመጣል፤
ሳቀ

«ይኸው በቆሎዬ፣ ይኸው ጫቴ ጎኑ፣
ክንድ አይሞላም መሃሉ፤
ማለዳ የቀነጠስኩት ለቀትር ድሬዳዋ ነው፣
በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ሰው ጉንጭ ውስጥ ነው፤
ለትሏ ያልኩትን መርዝ
የከዚራው ጫኝ ሊቅመው?
እሱም እኮ ዛሬ
በስልክ ደህና አደርክ ያለኝ ሰው ነው»

ደብተሬን ዘጋሁት

ጤዛው ገና ሳይረግፍ፣ ገና ሳይጠራ ሰማዩ፣
ሙሜና ሚስቱ ዚያዳ፣ ልጂቱ፣ እኔም አብሬ፣ ከማሳው ላይ፣
ቅጠል እየገለጡ ዕንቁላሉን መፍረጥ፣
ያደገችውን ለቅሞ ጣሳ ውስጥ መገልበጥ፣
አንድ ቁንጥር አመድ እምብርቱ ላይ መነስነስ፣
ጮራው የሐኪም ጋራ አናት እስኪደርስ፤

ጣሳው ውስጥ ያገባነው ሃምሳ ነበር ጠዋት፣
ማታ ብንቆጥረው ሠላሳ አልሞላ፣
እርስ በርስ ተበላልቶ፤
ዚያዳ ፊቷን አዙራ፣ «ወላሂ፣ የጠላትም ጠላት
ወንድሙ ነው» አለች

አንድ ቀን ፈሂማ ሰው ሁሉ ዝም በል አለች፣
አንዲት ቀጭን ተርብ፣ ከትንኝ የማትበልጥ፣
ዕንቁላሉ ላይ ቆማ የራሷን ስታስቀምጥ፤
ብንረጭ ኖሮ
እሷም አብራ ትሞት ነበር

በሦስተኛው ሳምንት ከሃያ አገዳ
ዘጠኝ የነበረው ሦስት ሆነ ጉዳቱ፣
ሦስትም ሦስት ነው፣ ለበላው ለቤቱ፤
ከአፈሩ ሥር ደግሞ፣ ጣት በማይደርስበት፣
ቡናማ ሙሽሬ አለች፣ ጨለማ ተከናንባ፣
ክንፏን እየሰፋች፣ ቀኗን እየቆጠረች፣
ሙሜም ቀን ይቆጥራል፣ እኔም

ለወረዳው ሪፖርት ስጽፍ በዚያው ማታ
ፈሂማ መጣችብኝ፣ ትከሻዬን ተደግፋ
«ጨረስሽ?» አለችኝ
የመጨረሻው መስመር ጫፍ ላይ ብዕሬን አይታ፣
«ተይው» አለች፣ «ተይው፣ አራት ነጥቡ ይቅር፣
ነገም እንመጣለን