አገጩ የሚከፈት

ሰኞ ገበያ ላይ ከጦይባ ሱቅ ዘልቄ፣
ሄልሜት ስለካ ዋልሁ መነጽሬን አውልቄ።
አንዱ ጆሮ ቆንጣጭ፣ አንዱ ግንባር ይነክሳል፣
አንዱ እንደ ገንቦ አፍ ትንፋሼን ይመልሳል።

“አገጩ የሚከፈት አለ...” ከላይ አወረደችው፤
“ከነጓንትህ ሞክር” አለች፣ እጄ ላይ ጣለችው።
ቀጭ!
መነጽሬም ገባ፣ ጆሮዬን አላመመኝ፤
ዋጋውን ስትነግረኝ ግን ራሴን አዞረኝ።
ገዛሁት።

ደሴን ጉም ሲውጣት ዘግቼ ተነሣሁ፤
ሐረጎ ቁልቁል ላይ የአይሱዙን ጥሩምባ
እንደ ሩቅ ሰርግ ሰማሁ።

ኮምቦልቻ መግቢያ ጋሽ እንድሪስ ተቀምጧል፣
ፊቱን ለሸፈነ ሰው ሰላምታ መች ይሰጣል?
ቀጭ አደረግሁና ሙቀቱን ተነፈስሁ።
“አብሽር” አለ አይቶኝ፣ “አሁን ገና ደረስህ።”