ከመጫንህ በፊት

አንማው፣ ያን ኮምፒውተር ከዘንቢል አውጣው፤
አቧራውን ጥረግ፣ ጠረጴዛ ላይ አምጣው።
ልጅህ ባሕር ዳር ሲሄድ የተወልህ ነው፤
ዊንዶውሱ ተነሥቶ ሥራ እስኪጀምር
ገብስ ተቆልቶ፣ በሶ ተበጥብጦ፣ ተጠጥቶ ነበር።
«ጣለው» አሉህ አሉ። ጣለው ማለት ቀላል፤
ሊኑክስ ከጫንህበት ገና ያገለግላል።

መጫን ያልሁህ እንግዲህ የሁለት ቤት ቃል ነው፤
የፍኖተ ሰላም ነጋዴ ሲለው አህያ ላይ፣
እኔ ስለው ዲስክ ላይ።
ሕጉ ግን አንድ ነው፤ ጀርባውን ሳታይ
ገመድ አትወርውር።
የቅዳሜ ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው
ሁለት ዙር ጋልቦ ነው ብሩን የሚመዘው።
አንተም ከፍላሽ ላይ አስነሣው፣ ዲስኩን ሳትነካ፤
ድምፁ ይሰማ እንደሆን፣ ዋይፋዩን ያይ እንደሆን ለካ።
ካልተስማማህ አጥፋና ፍላሹን ንቀለው፤
ቤትህ እንደነበረ ነው፣ ማንም ምንም አላለው።

የሊኑክስ ዘሩ ብዙ ነው፤ ነጭ፣ ቀይ፣ ሰርገኛ፤
አንዱን ዘርተህ ብላ፣ አትሁን የዘር ዳኛ።
ጎረቤትህ የጫነውን፣ እሱኑ ውሰድ፤
ሲጠፋህ ጠይቀህ የምትመለስበት መንገድ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን
የይታይሽን ሰርግ፣ የእናትህን ፎቶ፣
የይዞታ ደብተርህን፣ ስካን የተደረገውን፣
ሌላ ቦታ ገልብጥ። አንድ ቦታ አይበቃም።
እኔ የዛሬ ሰባት ዓመት
«ዲስኩን ሙሉ አጥፋ» የሚለውን ሳላነብ ነክቼ
የሰው ሙሽራ አጠፋሁ፤ ከነሚዜዎቿ፣ ከነዘፈኑ።
ልጇ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቷል፤
እሷ ግን በመናኸሪያው በኩል ስታልፍ
አሁንም ፊቷን ወደ ሱቄ አታዞርም።

መብራት ኃይል ጠላትህ ባይሆንም ዘመድህ አይደለም።
ባትሪው ሞቶ እንደሆን ሌሊት ጫነው፣
ወፍጮ ቤቶቹ ሲያርፉ።

የይለፍ ቃል ይጠይቅሃል። ትጽፋለህ፤ አይታይም።
ነጥብ የለ፣ ኮከብ የለ።
እኔ ተበላሸ ብዬ ቁልፉን ደበደብሁ፣
አዲስ ኪቦርድ ገዛሁ፤
እሱም አላሳየኝም።
አይቶሃል፣ ዝም ብሎ ነው። ጨርስና እንተር በለው።

ፊደል ላይ ጥብቅ ነው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ላንተ አንድ ናት፣ የምትሞቅ፤
ለሱ ሁለት ፀሐይ ናት፣ እርስ በርስ የማትተዋወቅ።
«ሱዶ» የምትል ቃል አለች፣ አባወራ ታደርግሃለች፤
ቤትህን ራስህ ስታፈርስም ቆማ ታይሃለች።
ማንም «ይህን ለጥፍ» ቢልህ፣ ሳይገባህ አትለጥፍ፤
ያልፈታኸውን ቅኔ «ይበል» ብትል ጮኸህ
የተሰደብኸው አንተ፣ ያሞገስኸውም አንተው ነህ።

የመጀመሪያው ሳምንት ትረግመኛለህ።
ፕሪንተሩ ያኮርፋል፤ የአማርኛው ኪቦርድ
«ሰ» ስትለው «ሠ» ይልሃል።
«ደኅናውን ዊንዶውስ!» ትላለህ፣ የበሶውን ዘመን ረስተህ።
እሺ፣ ርገመኝ። ስትጨርስ ግን
የስሕተቱን መልእክት አንብበው፤ ሙሉውን፣
እስከ ታች። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ እዚያው ተጽፏል፣
እኛ ግን የቀዩን መስመር ብቻ አይተን እንሮጣለን።

ትናንት አንድ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ መጣ፤
ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት ሆኖበት፣ ከንፈሩ ደርቆ።
ሰካሁለት። ምንም አልጠፋም፤ ቫይረሱ
እንደ ሌባ ኮቴ ተኝቶ ታየን፤ ጽሑፉም እዚያው፣ ከጎኑ።
ልጁ ሁለት ጊዜ ቆጠረው።
ሦስት ብር ለፎቶ ኮፒ ብቻ ተቀበልሁት።

ላንተም ክፍያ የለውም። እኔም በነፃ ነው የወሰድሁት።
ፍላሹን ግን መልስልኝ፣ አደራ፤ ያለኝ እሱ ብቻ ነው፤
ሐሙስ ከጅጋ አንዲት መምህርት ትመጣለች፣
እሷም አንድ አሮጌ በዘንቢል ይዛ።