ቆረጣ

ሜይን ውስጥ፣ ሃርሎ ላንዲንግ፣ አስፋልቱ ሐይቅ ነክቶ ያልቃል፤
እዚያ ነው ሥራዬ፤ ጥፍሬ ሥር ሰማያዊ ቀለም ይደርቃል።
«ይሄ ይቆረጥ፣ ያ ይቆይ» እያልኩ ግንድ ላይ ነጥብ አኖራለሁ፤
ክረምቱን ሙሉ በበረዶ ጫማ እየቆጠርኩ እዞራለሁ።

አማርኛ ቆጣቢ ቋንቋ ነው፣ በአንድ ቃል ስንቱን ያግዛል፤
ዛፍም ይቆረጣል፣ ዋጋም ይቆረጣል፣ ቀንም ተቆርጦ ይያዛል፤
ሆድም ይቆርጣል፣ ተስፋም ይቆረጣል፣ ቆርጦ የሚነሳም አለ፤
እኔ እዚህ መንደር ሁሉንም አየሁ፣ አንዱም ሳይቀር እንደተባለ።

መጀመሪያ የተቆረጠው ደመወዝ ነው። የወረቀት ፋብሪካው ተዘጋ፤
ቀጥሎ ኩባንያው ጫካውን ሊሸጥ ለሐይቁ ዳር ቆረጠ ዋጋ፤
በሜትር፣ እንደ አቡጀዲ።
ከከተማ የመጣ ሰው ካርታ ዘረጋ፣ በቀይ መስመር የተሸነሸነ፤
እያንዳንዱ ሽንሽን አጥር ያለው፣ አሸዋው ለገዛ የሆነ።
ያን ሰሞን ሆድ ይቆርጥ ነበር። ትምህርት ቤቱ አሥራ አንድ ልጅ ቀርቶት፣
ሱቁ ሐሙስና ቅዳሜ ብቻ፣ የአስጎብኚዎቹ ጀልባ ሣር በቅሎበት።

አርቪላ ፔልኪ ናት ቀን የቆረጠችው፤ አንድ ማክሰኞ ማታ፣
እሳት አደጋ ጣቢያው ውስጥ፣ መኪናውን ወደ ውጭ አስወጥታ።
ወንበር ያጣ ጎማ ላይ ተቀመጠ። መቶ ስድሳ ነፍስ ያላት መንደር፣
መቶ አርባው መጣ፤ የቀረው ታማሚና፣ ከሁሉ የተጣላው ኤልድሪጅ ነበር።
«ጫካውን እኛ እንግዛው» አለች። ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤
«ስንት አለን?» ብለው ጠየቁ፤ «ምንም» ለማለት አልፈራችም።

አምስት ዓመት ፈጀ። ብድር፣ ልመና፣ የቤሪ ኬክ ጨረታ።
ከወንዙ ማዶ፣ ከፓሳማኮዲዎቹ፣ ቅርጫት ሠሪዋ ኖርማ መጥታ፣
«ይህን ሐይቅ ዋጋ ሳይወጣለት እናውቀዋለን፤ ገዝታችሁ ስታበቁ
የቅርጫታችንን ዛፍ አትንኩ፤ ካሻችሁም እኛን ጠይቁ።»
ደብተሩ ላይ ተጻፈ። እስከ ዛሬም ይጠየቃሉ።

ሕጉ አጭር ነው፦ በየዓመቱ ከሚበቅለው ያነሰ ቁረጥ፤
ከውሃው ዳር ሰማንያ እርምጃ መጥረቢያ ይዘህ አትርገጥ።
ከግንዱ ሽያጭ ብድሩ ይከፈላል፣ የትምህርት ቤቱ ማሞቂያ፣
ለበረዶ ጠራጊው አበል፣ ለአውቶብሱም ነዳጅ መሙያ።
ውሃው የሚቀዘቅዘው በጥላው ነው፤ ዓሣውም ጥላውን ያውቃል፤
ዓሣውን ተከትሎ እንግዳ ይመጣል፤ መንደሩ እንዲህ ነው የሚሞቀው፣ ከሞቀም ይሞቃል።

ተርሎ ስፕራግ ግን አንዲት ዝግባ ወደደ፤ ሰማንያ ዓመቱ፣ ታንኳ ሠሪ፤
ሐይቁ ጫፍ ላይ አንገቷን የደፋች፣ እንደ ሙሽራ አፋሪ።
«የመጨረሻ ታንኳዬ ናት» አለኝ፤ «አንዲት ነጥብ ብቻ ቀባ።»
ለካሁ፤ ከውሃው አራት እርምጃ። ብሩሼ ተመልሶ ጣሳ ገባ።
ስብሰባ ጠራ። ድምፅ ተሰጠ። ሰባ ሁለት ለአርባ ተረታ፤
የገዛ ሚስቱ ሎይስ እጇን ያነሳችው በሌላው ወገን ነው፣ ያን ማታ።
ተስፋ ቆረጠ። ክረምቱን ሙሉ አላነጋገረኝም።

ሚያዝያ ላይ የሐይቁ በረዶ ሲሰበር፣ ነፋስ በሌሊት ጣላት፤
ግማሿ ውሃ ውስጥ፣ ሥሯ ሰማይ እያየ፣ ተኝታ አገኘናት።
«የወደቀ ያንተ ነው» አሉት። ስለ ወደቀ ደብተሩ ዝም ይላል።

ሰኔ ገባ፤ መጋዙን ይዞ ወረደ። እኔም ከኋላ።
ቅርንጫፎቿ መሃል ባሶቹ በጅራታቸው ጎጆ ቆፍረው፣
ጠጠሩን አጥበው፣ ጥላዋ ሥር፣ እንቁላል ሲጠብቁ አድረው።
ቆሞ ቆየ። ሉን የሚሏት ወፍ ከደሴቱ ማዶ ጮኸች፤
መጋዙም አፏን ሳትከፍት ወደመጣችበት ተመለሰች።

ዛሬ እዚያ ቦታ፣ በአሮጌው ታንኳ፣ እንግዳ ይዞ ይሄዳል፤
ግማሽ ቀን ሁለት መቶ ዶላር፤ «ዓሣውን መልሱ» ብሎ ያዛል።
የመጨረሻው ታንኳ አልተሠራም። ሲያነሱበት ይቆጣል፤
ቁርጡን ያወቀ ሰው ቁጣ ነው፤ አፍታ ቆይቶ ይወጣል።

በዚያ ሳምንት እኔ ደብተሩ ላይ የጻፍኩት ይሄን ነው፦
ዝግባ፣ አንድ። የወደቀች። ያልተሸጠች።
ገቢ፦ በየቅዳሜው።