ህዳግ

ሸዋ በር አጥር ሥር፣ ከቆርቆሮዋ ቤት፣
መጽሐፍ አከራያለሁ፣ አምስት ብር በሌሊት።
ጦሳ ጉሙን ሲያወርድ፣ ጠዋት ከአራት ሰዓት፣
ገጹ ሁሉ ረጥቦ ይወፍራል ባንዳፍታ።

ከዚያ ሁሉ መሀል ግን አንዱ ነው ነገሬ፦
የዓምደኛው መጽሐፍ፣ የምትኩ አገሬ።
በየሐሙስ ጋዜጣ ስለ ኑሮ፣ ስለ እምነት
የጻፈው ተጠርዞ አንድ ቅጽ ሲሆንለት፣
ለደሴ የደረሰው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤
እሱም እኔ ዘንድ ነው፣ ተራው ነው የማያልቀው።
እውነት ልናገር፦ መሀሉን አልነካው፤
ህዳጉን ነው እንጂ እኔ የማነበው።

መምህር ውብእሸት፣ ጡረታ የወጡት፣
በቀይ እስክሪብቶ አርመው መለሱት፦
«ዓመት በዓይኑ ዐ ነው!» «ይህ ነጥብ ምን ሊሠራ?»
መጨረሻ ገጽ ላይ፣ እንደ ተማሪ ሥራ፣
ሰባት ከአሥር ሰጥተው ፈረሙበት።
«ስለ ሞት የጻፈው ደህና ነው» አሉበት።

አረብ ገንዳ ያለችው ሰፊዋ ዘሐራ፣
«ትዕግሥት» የሚለው ሥር በጠመኔ አሥምራ፦
«ይህ ሰው የስፌቱን የውስጥ ገጽ ያውቀዋል፤
ወይ ሚስቱ ነግራው ነው፣ ደብቆ ጽፎታል።»

በላይነህ ሾፌሩ፣ ኮምቦልቻ አድርሶ
አመጣው፣ ጥጉ ላይ ግራሶ ተለውሶ።
«ስለ ፍርሃት ያለው» አለኝ፣ «አይገባኝም፤
ሐረጎን ቁልቁለት ያለ ፍሬን አልወረደም።
እኔ ወርጄዋለሁ።
እኔ ባለ ማተቡ፣ ጮኼ ‹ያ አላህ!› ስል፣
ሰይድ ረዳቴ ‹ኪዳነ ምሕረት!› ሲል፣
መኪናው ቆመልን። በማንኛችን ጸሎት?
ይኸው አራት ዓመት ስንከራከርበት።»

አንዱን ገጽ አንብበው፣ በአንድ ሳምንት መሀል፣
የቅኔው ተማሪ፦ «ጥርጥር በዝቶበታል»፤
ደረሳው ከሥሩ፦ «መቼ ተጠራጥሯል?»
ከዚያ በእርሳስ ይነታረካሉ፣ እስከ ገጽ መቶ አሥር።

ከኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣ ከሌሊት ፈረቃ፣
ሰዓዳ መጣች ደግሞ፣ እንቅልፏን ሰንቃ፦
«ስለ ድካም አሥር ገጽ! ምን አስረዘመው?
ደክሞት ቢሆን አንዴ ‹ደከመኝ› ነው የሚለው።»
ብላ አጣጥላው ሄዳ፣
በማግስቱ መጥታ ዳግም ተከራየችው።

አንድ ቀን ተመልሶ ሳየው፣ ሰባ ሦስት የለም።
ተቀዷል። በማስመሪያ፣ ቀስ ተብሎ፤ በቁጣ አይደለም።
በቦታው ሃምሳ ብር ተጣጥፎ ተቀምጧል።
ስም የለ፣ ቃል የለ። ይህን ማን ያደርጋል?
መዝገቤን ሳገላብጥ፦ ሙጋድ የምትኖር፣
እኔም ለቅሶ ደርሻለሁ፣ የበኩር ልጇ ነበር።

አልጠየቅኋትም።

ነሐሴ ነው፣ ማክሰኞ። ዣንጥላውን አጥፎ
አንድ ሰው ገባና፣ ኮቱን አራግፎ፣
መጽሐፉን አነሳው። «እንዴት ነው?» አለኝ።
ሰው ያለውን ሁሉ፣ አንድ ሳላስቀር ዘረዘርኩለት።
በፍሬኑ ሳቀ። በሰዓዳ አንገቱን ደፋ።
(የጀርባው ፎቶ ላይ ጢም ነበረው፤ እሱ ተላጭቷል።
ኋላ ነው የገባኝ፣ ምላሴ ከሮጠ በኋላ።)
ከተቀደደው ዘንድ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።
«ይቺን» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ «ሳላምንባት ነው የጻፍኳት፤
ዓምዱ ባዶ እንዳይሆን፣ ለሐሙስ ለማድረስ፣ ባንድ ሌሊት።»

ስሙን አልነገረኝም። የሁለት ሌሊት ከፍሎ
የገዛ መጽሐፉን ተከራየ።

በአራተኛው ቀን መለሰው፤ ያሳለፈውንም ሂሳብ ጨመረ።
ህዳጉን አንድ በአንድ አየሁ፤ ምንም የለ።
ከተቀደደችው ቅሪት ላይ ብቻ፣ ከስፌቱ ጥግ፣
በደቃቅ ፊደል፣ አንዲት ቃል፦
«ይገባኛል።»

ቅዳሜ መምህር ውብእሸት መጡ።
ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ፣ ክዳኑን ነቀሉ፣
ቆዩ፤
መልሰው ከደኑት።
«ይቺ ቃል» አሉኝ፣ መነጽራቸውን እየወለወሉ፣
«ትጠብቃለች ወይስ ትላላለች?»