ስምንተኛው ቁልፍ

ወገቤ ላይ አለ ሰባት የብረት ቁልፍ፣
የደወሉ ቤት አለ፣ የሣጥኑ፣ የደጃፍ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት አንዱም አልጠፋብኝ፣
ተኝቼም ድምፃቸው ከትራስ ሥር አይርቀኝ።

ስምንተኛው ቁልፍ ግን ከብረት አይደለም፤
ቁልፍ ነው ብሎ እንኳ ያሰበው የለም፤
ኮምፒውተሩ ግንባር፣ በቢጫ ወረቀት፣
የቁምስናው ቅዱስ ስም፣ የበዓሉ ዕለት፣
ለገባ ለወጣው እንደ ዋጋ ዝርዝር
ተለጥፎ ነበር።

በኬረላ ዝናብ ጣራችን ሲያፈስስ፣
ትሬሲያማ ባልዲ ይዛ ስትመላለስ፣
ኢሜይል መጣላት በአባ ኩሪያኮስ ስም፦
«ስብሰባ ላይ ነኝና ስልኬን አላነሣም።
የጣራ ሠሪው ሰው ባንኩን ቀይሯልና
ቶሎ ላኪለት፣ ልጄ፤ እግዜር ይስጥሽ ጤና።»

መነጽሯን አርጋ ጣቷን ስትሰነዝር፣
«ቆዪ» አልኳት፣ «ቆዪ! አልጣመኝም ነገር።
‹ቶሎ› የሚባል ቃል ካባ አፍ መች ይወጣል?
ቅዳሴውም፣ ምሳውም፣ ቀብሩም ይረዝማል፤
ስብከት ሲጀምሩ የተጣደው ዓሣ
አሜን ሳንል ያርራል፤ ማን ደፍሮ ተነሣ?»

ጃንጥላም ሳልይዝ፣ በጓሮ አቋርጬ፣
ቤታቸው ደረስኩኝ ጭቃውን ረግጬ።
ስብሰባም አልነበር፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ እግራቸው፣
የሩዝ ሾርባ ይዘው፣ ድመት ከጭናቸው።
አላዩም፣ አልጻፉም። አድራሻው ሲታይ፣
አንዲት ፊደል ጎድላ ከስማቸው ላይ።

በማግስቱ ቢጫው ወረቀት ተቀደደ፤
አዲሱ ቃል ወደ ትሬሲያማ ልብ ሄደ።
«ለኔስ?» ብዬ ጠየቅኩ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመቴ!»
«ለአባም አልነገርኩ፤ ይቅር በለኝ፣ አባቴ።»

ቅር አለኝ።
ግን ያን ሌሊት፣ ጣራው እያፈሰሰ፣
ከትራሴ ሥር ሰባቱን ቆጥሬ፣
ስምንተኛውን ሳላውቀው ተኛሁ።