ሃያ ሁለት ይላል መርፌው

እዚህ ጥላ አያርፍም።
ፀሐይ ከላይ ስትጥል ጨው ከሥር ይመልሳል፤
አገጭ እንደ ቀን በርቶ ዓይን እንደ ሌት ይጨልማል።
ኡዩኒ፤ ነሐሴ፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት።

ሳቱርኒኖ ቆሟል ከጨው ክምሩ ጎን፣
ጭምብል እስካንገቱ፣ ጥቁር መነጽር ዓይኑን
ሸፍኖ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ።
«ለማኅበሩ መታወቂያ ነው፤ አዲሱ ጸሐፊ መጥቶ
‹ፊት ያለው ፎቶ› አለ። ይኸው ሠላሳ ዓመት
አካፋዬን ነው የሚያውቁት።»

ከፊልሙ አንድ ቀርቶኛል፤ የመጨረሻው።
ካሜራዬን አነሣሁ። ዘለለ መርፌው።
ሃያ ሁለት አለኝ፤ አጥብቢው፣ ዝጊው!

ምን ያድርግ? የተማረው አንድ ነገር ነው፦
ዓለም ሁሉ ግራጫ ነው።
ነጭ ባየ ቁጥር ይደነግጣል፣ ውሸት ይመስለዋል፣
አመድ እስኪሆን ድረስ ጎትቶ ያወርደዋል።
ብታዘዘው፣ ይህ ሁሉ ሜዳ ድንጋይ ተብሎ የሚጣል ጨው፣
ሰውየውም የከሰል ጆንያ ነው።

አጎቴ ኤርሞሄኔስ፣ የሰርግና የሙት ዓመት ፎቶ አንሺ፣
«መርፌን እንደ አማት» ይል ነበር፣ «ስሚ እንጂ አትታዘዢ።»

«ጓንትህን አውልቅ» አልኩት። «መዳፍህን ከባርኔጣህ ሥር፣
ፊትህ ካለበት ጥላ፤ አዎ፣ እዚያው ጋር።»
አወለቀ። በጋ እንደመታው መሬት
የተሰነጣጠቀ መዳፍ፣ ጠርዝ ጠርዙ ደም የቋጠረበት።
መርፌው ጎንበስ አለ፣ ወረደ፣ ስምንት ላይ ቆመ።
ቀለበቱን አዞርኩ፤ ቀጭ አለና ገጠመ።

«አሁን ፊትህን።»

መነጽሩን አወለቀ። ጭምብሉን ገፈፈ።
ጣቴ ሊጫን ደርሶ አረፈ።

ያን ፊት ፀሐይ አታውቀውም።
ከሣጥን ያልወጣ የክት ልብስ፤
አልተሸበሸበም፣ አልደበዘዘም።
ዘመኑን ሁሉ የከፈለው እጁ ኖሯል፤
ፊቱ ከእጁ በሠላሳ ዓመት ያንሳል።

በእጁ ልክ ባነሣው ይነጣል፣ ይጠፋል።
ፀሐይ ያልነካችውን እኔ ላቃጥለው?
ቀለበቱን ወደ አስራ አንድ መለስኩ፤
ሳይደርስ፣ መሀል ላይ፣ በግምት ያዝኩ።
ጨዉ እንደፍጥርጥሩ ይሁን።
ቀጭ።

ሐሙስ ማታ፣ ጓዳዬ፣ ቀይ መብራት ሥር
ወረቀቱ በሳህኑ ውስጥ ሲንሳፈፍ፣ ሲነቃ፣
ክምሩ የለም፣ ጭነት መኪናው የለም፣
ቱኑፓ ተራራ መስታወት ላይ እንዳረፈ ትንፋሽ
ታይቶ ሊጠፋ ነው።
በነጩ መሀል ፊቱ ብቻ፣
ቅንድቡ አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ ከንፈሩ ጥርት ያለ፣

ዓይኑ ግን ተጨፍኗል።

እንዴት አይጨፈን! እኔ ብርሃኑን ለፊልሙ ስመጥን
ለሰውየው የመጠነለት ማን አለ?

«በነጻ ደግሜ ላንሣህ» አልኩት።
ፎቶውን አቀረበ፣ አራቀ፣ በአውራ ጣቱ ጠርዙን ዳሰሰ።
«ተዪው» አለኝ።
«ፊት ነው ያሉት። ዓይን ያለ የለም።»