ድዳ ቁልፍ

እኔ ቃኚ ብቻ ነኝ፤ ጣቴ ዜማ አያውቅም፣
ሽቦ አጠብቃለሁ፣ ሽቦ አላላለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አልዘልቅም።
ስለ ዣንዲራ ግን ከጠየቃችሁኝ
ካጨበጨቡላት ይልቅ እኔን ስሙኝ፤
የፒያኖዋን ሆድ ከፍቼ አይቻለሁ፣
አርባ አንድ ዓመት አንጀቱን ዳስሻለሁ።

ኒቴሮይ ነው ያደገችው፣ ከሪዮ በውሃ ማዶ፣
አባቷ የጀልባ ሞተር ሲፈታ ሲገጥም፣ ከዶሮ ቀድሞ ማልዶ።
ጃዝ የደረሳት በመርከብ ነው፤
አንድ የኖርዌይ መርከበኛ ለጥገና ዕዳው መያዣ የተወው
ጠርዙ የተሸረፈ፣ ስሙ የተፋቀ ሸክላ፤
ከመፍቻውና ከብሎኑ ኋላ
ተንበርክካ ሰማችው፣ መርፌው እስኪዶለዱም።

ግራ እጇ ግን የሰፈሯ ነበር፦
ሳምባ ነው፣ ጫማውን አውልቆ
በካልሲ የሚራመድ፣ የተኛ ሰው ጠብቆ፤
ከላይ ፎቅ ዶና ኦዴቺ አለችና
የመጥረጊያ እንጨቷን ታቅፋ፣
ትንሽ ድምፅ ሲያመልጥ ወለል የምትደበድብ፣ ከእንቅልፏ ተነሥታ ተኮሳትራ።
ቦሳ ኖቫ ለሌላው ስልት ነው፤
ለእሷ መጀመሪያ ይሉኝታ ነበር።

በሃያ ዓመቷ ኮፓካባና ወረደች፤
ወረደች ስል በደረጃ፣ ምድር ቤት፣
አሥራ አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ማራገቢያ ያለበት፣
የባሕር ጨው የበላው ፒያኖ፣ ከመሐሉ ዶ በስተቀኝ
ላ የምትባለዋ ቁልፍ ድዳ የሆነችበት።
«ትጠገንልኝ» ብትለው ባለቤቱን አቢሊዮን፣
ሲጋራውን ከአፉ ሳያወጣ፦
«ሰማንያ ሰባት አለሽ። አይበቃም?» አላት።

ቁልፍ ሊከፍት ነው የሚሠራ፤ ያቺ ራሷ ተቆልፋ ቀረች፣
ዜማው ደጃፏ ሲደርስ ዣንዲራ በጓሮ ዞረች።
አንዳንዴ ከላይ ተንሸራተተች፣ አንዳንዴ ከጎን ሾለከች፣
አንዳንዴም ጣቷን አንሥታ፣
እንዲሁ አየር ላይ አቆየች።
ዝም አይነቅዝም ይባላል፤
ሦስት ዓመት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አልነቀዘም፤
እንዲያውም ሰው ያቺን ዝምታ ሊሰማ
ከሜየር፣ ከማዱሬይራ፣ ባቡር ተሳፍሮ መጣ።

የቦሳው ሰዎች «ጃዝ አበዛች» አሉ፤ የጃዙ ሰዎች «እንቅልፍ»።
ልጅነቱን በጀልባ ለተመላለሰ
መሐል ላይ መሆን ምኑ ይከብዳል?

ሸክላዋ አምስት መቶ ታተመ፤ ሁለት መቶው ተሸጠ፣
የቀረው ካርቶን በአክስቷ ቤት ለአልጋ እግር ተቀመጠ።
ከዚያ ሠርግ፣ የሆቴል ሎቢ፣ የሳሙና ማስታወቂያ፣
ሳንቶስ ላይ የቱሪስት መርከብ፣ ለጡረተኞች መደነሻ።
ዓመቶቹን አልቆጥራቸውም፤ እሷም አልቆጠረችም።

በስድሳ አንዷ ኮፐንሃገን ጠራት።
አንድ ልጅ ነው አሉ፣ ሸክላውን ገበያ ላይ አግኝቶ ያበደላት።
ጄኒቫል፣ ከበሮ መቺዋ፣ ነው የነገረኝ፦
ፒያኖው አዲስ፣ ጥቁር፣ እንደ ኩሬ የሚያበራ፣
ሰማንያ ስምንቱም ጥርሱ ሙሉ።
ዜማው ላ ላይ ሲደርስ
ጣቷ ተነሣ። አየር ላይ ቀረ።
የሰሌኑ ብሩሽ በእጄ ደረቀ ይላል ጄኒቫል፤
አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ፤
ዴንማርክ ሁሉ በአቢሊዮ ንፉግነት ተቀጣ።

ምድር ቤቱ ሲዘጋ ፒያኖውን ገዛችው፣ በቁርጥራጭ ዋጋ።
ሄድኩ። «ላዋን ላድናት?» አልኳት።
የሃያ ደቂቃ ሥራ ነበር፤ የጠፋ ስፕሪንግ፣ ትንሽ ሱፍ።
አንዴ ነካቻት።
ስሙን በማያውቀው ከተማ ሲጠሩት እንደሚዞር ሰው
አንገቷ ዞረ።
ክዳኑን ከደነች፣ «ስንት ነው ሂሳብህ?» አለች፣
ሁለት ማንጎ ጨምራ ሸኘችኝ።

አሁን ጣቶቿ ተቆልምመዋል፤ አትጫወትም።
የጎረቤት ልጅ፣ ታይናራ፣ ስድስት ዓመቷ፣
ከትምህርት ቤት መጥታ ያቺን አንድ ቁልፍ ብቻ ትደበድባለች፦
ላ፣ ላ፣ ላ፣ ላ፣
አርባ ዓመት የታፈነውን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ልታስለፈልፋት።
ዣንዲራ ወጥ ቤት ሆና ትስቃለች፣ እስኪያስላት።
እኔም መፍቻዬን ይዤ ደረጃው ላይ ቆሜ እሰማለሁ፤
ከላይ ፎቅ አንድ ሰው
በመጥረጊያ እንጨት ወለሉን ጀመረው።